ስለ መከራ ምክንያት፤ ከኦምዱርማን እስከ መተማ



ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት ስፍራ፥ ከካርቱም ማዶ፥ ኦምዱርማን የምትባል ከተማ አለች። ማህዲ ሙሐመድ አሕመድ በ1877 ዓ.ም. ካርቱምን ይዞ የእንግሊዙ ጄኔራል ጎርደን ከተገደለ በኋላ፥ ማህዲውም በዚያው ዓመት በሕመም ሲሞት፥ ተከታዩ ኸሊፋ ዐብዱላሂ መንግሥቱን ያጸናው በዚህች ከተማ ነበር። በ1881 እና በ1882 ዓ.ም. በኦምዱርማንና በሱዳን አውራጃዎች የወረደው ረኃብ እስከ ዛሬ «ሰነት ሲታ» እየተባለ ይነገራል። ትርጓሜው «ስድስተኛው ዓመት» ማለት ሲሆን የሒጅራን 1306 ዓመት ያመለክታል። በዚያው ዘመን ከመተማ ወዲህ ያለው ሕዝብ የራሱን ረኃብ «ክፉ ቀን» አለው።

ሁለቱ አገሮች በዚያን ጊዜ ጠላቶች ነበሩ። በ1880 ዓ.ም. የኸሊፋው የጦር አዛዥ ሐምዳን አቡ ዐንጃ ጎንደር ገብቶ ከተማዋንና አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠለ፤ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ደግሞ አጼ ዮሐንስ መተማ ላይ ቈስለው ሞቱ። እያንዳንዱ ወገን ሌላውን የእግዚአብሔር ጠላት አድርጎ ይቈጥር ነበር። እንግዲህ መከራ ሁሉ በከሓዲ ላይ የሚወርድ ቅጣት ቢሆን ኖሮ፥ ከሁለቱ ወገን አንዱ እንኳ መትረፍ በተገባው ነበር። ረኃቡ ግን መስቀሉንና ጨረቃውን ሳይለይ በድንበሩ ግራና ቀኝ ወደቀ።

በኢትዮጵያ ብዙ ሰው የሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «ስለ ኀጢአታችን ነው» የሚል ነበር። ይህን ቃል የዛሬ ሰው አቃሎ እንዳያልፈው ያስፈልጋል። ሰዋስው የሚያስተምር መምህር የቃሉን መጨረሻ ያስተውል። «ኀጢአታችን» ያለ ሰው ራሱን ከፈራጅ ፊት አቁሟል፤ ይህ ንስሐ ነው። «ኀጢአታቸው» ያለ ሰው ግን ራሱ ፈራጅ ሆኖ ተቀምጧል፤ የሚፈርደውም በወደቀ ሰው ላይ ነው። በቃሉ መጨረሻ ካለችው ከዚህች ጥቂት ለውጥ በቀር በሁለቱ መካከል ሌላ ልዩነት የለም፤ ብዙ ጭካኔ ግን በዚህችው በኩል ይገባል።

አጼ ምኒልክ በክፉ ቀን ያደረጉት ለዚህ ምሳሌ ነው። ሕዝቡ ምህላ እንዲይዝ አዘዙ፤ የእህል ጐተራቸውን ከፈቱ፤ በሬዎቹ ስላለቁም መኳንንቱ በእጅ መቈፈርን እንዳይንቁ ብለው ራሳቸው ዶማ አንሥተው ቈፈሩ። ጸሎቱና ዶማው በአንድ ሰው እጅ ተገናኝተው ታዩ እንጂ አንዱ ሌላውን አላስቀረም።

ከዚህ ብዙ ዘመን በፊት፥ በአራተኛው መቶ ዓመት፥ በቀጰዶቅያ ድርቅና ረኃብ በሆነ ጊዜ ቅዱስ ባስልዮስም እንዲሁ አድርጓል። በቅዳሴው ለኢትዮጵያ ምእመናን እንግዳ ያልሆነው ይህ አባት፥ እግዚአብሔር የክፋት ምክንያት አለመሆኑን የሚያስረዳ ድርሳን ጽፏል፤ ክፋት ራሱን ችሎ የቆመ ባሕርይ ሳይሆን የበጎ ነገር መጕደል ነው ብሎ ያስተምራል። ነገር ግን ረኃቡ በመጣ ጊዜ በትርጓሜ ብቻ አልተቀመጠም። ስለ ኀጢአት ሰበከ፤ የስብከቱ ጣት ግን በተራበው ላይ ሳይሆን እህል ከዝኖ በተቀመጠው ባለጠጋ ላይ ነበር። ባለጠጎቹ ጐተራቸውን ሲከፍቱም ራሱ ወገቡን ታጥቆ የተራቡትን አበላ።

መጽሐፉም ቢሆን «ኀጢአታቸው» ባዮችን አይደግፍም። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ አፋቸውን ከፍተው «ያለ በደል ይህ አይደርስብህም» ማለት ሲጀምሩ ግን ስሕተት ገቡ፤ በመጨረሻም ተግሣጽ ያገኛቸው እነርሱ ናቸው። በዮሐንስ ወንጌልም ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው «እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ናቸው የበደሉት?» ብለው ሲጠይቁ ሁለቱም እንዳይደሉ ተነግሯቸዋል። ይኸው ኢዮብ በቁርኣን አዩብ ተብሎ ይጠራል፤ የሚመሰገነውም በትዕግሥቱ ነው። ስለዚህ በኦምዱርማን የሚጸልየው እስላምና በጎንደር የሚጸልየው ክርስቲያን የሚያጽናናቸው አንድ ሰው ነው፤ ይህን ሁለቱም አዘውትረው የሚያስቡት አይመስልም።

በእስልምና ሊቃውንት ዘንድም ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ሙዕተዚላ የሚባሉት አላህ ለፍጡሩ ከሚበጀው በቀር አያደርግም ይሉ ነበር። አቡል ሐሰን አል-አሽዐሪ፥ እንደሚተረከው፥ መምህሩን አል-ጁባኢን ስለ ሦስት ወንድማማቾች ጠየቀው። አንዱ አማኝ ሆኖ ሞተ፤ አንዱ ከሓዲ ሆኖ ሞተ፤ አንዱ በሕፃንነቱ ሞተ። ሕፃኑ «እኔስ አድጌ መልካም ሥራ እንድሠራ ስለ ምን አልተተውኩም?» ቢል ምን ይባላል? መምህሩ «ብታድግ ትበድል እንደ ነበረ አላህ ስላወቀ ነው» አለ። «እንኪያስ ከሓዲው፦ እኔንም እንዲሁ ስለ ምን በሕፃንነቴ አልወሰድከኝም? ብሎ ቢጮህ?» ባለው ጊዜ መምህሩ ዝም አለ ይባላል። ታሪኩ በእርግጥ የተፈጸመ ወይም ለትምህርት የተበጀ ሊሆን ይችላል። የአሽዐሪ ትምህርት ግን በሱዳን ቁርኣን ቤቶች ሲወርድ ሲዋረድ የቆየ ነው፤ ፍሬ ነገሩም የፈጣሪን ሥራ በሰው ሚዛን መመዘን አይቻልም የሚል ነው።

በስሙ የዘርዐ ያዕቆብ የሆነው ሐተታ፥ ደራሲው ማን እንደ ሆነ ሊቃውንት ዛሬም ቢከራከሩበት፥ ሌላ መንገድ ይዞ ሰው በጎውንም ክፉውንም እንዲመርጥ ነጻ ተደርጎ ተፈጥሯል ይላል። ይህ መልስ ጦርነትን በመጠኑ ያስረዳል፤ የከብት በሽታን ግን አያስረዳም። በአውሮፓም ላይብኒትስ በ1710 እ.ኤ.አ. ይህ ዓለም ሊሆኑ ከሚችሉት ዓለማት ሁሉ የተሻለው ነው ብሎ ጽፎ ነበር፤ በ1755 እ.ኤ.አ. ሊዝቦን በምድር መናወጥ ስትፈርስ ቮልቴር በዚህ አሳብ ላይ ተነሣ። ለቮልቴር መልስ የጻፈው ሩሶ ግን ሁለቱም ያላነሡትን ነገር አነሣ፤ ምድርን ያናወጠች ተፈጥሮ ብትሆንም ቤቱን በቤት ላይ ደራርቦ ያጨናነቀው ሰው ነው አለ።

የሩሶ ጥያቄ በኦምዱርማንም በኢትዮጵያም ላይ ሲቀርብ መልስ ያገኛል። በኢትዮጵያ ከብቱን የፈጀው በሽታ በ1887 እ.ኤ.አ. ለኢጣልያ ጦር በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር የመጣ ነው፤ በሬው ሲያልቅ ማረሻው ቆመ፤ ድርቁና አንበጣው የቀረውን ጨረሰ። በሽታውም ከዚያ ወደ ደቡብ ወርዶ ከአሥር ዓመት ባልበለጠ ጊዜ የአፍሪካ ጫፍ ደረሰ። በሱዳን ደግሞ ዝናቡ ጐደለ፤ ነገር ግን ኸሊፋው ወገኖቹን ታዓይሻዎችን ከምዕራብ አስነሥቶ ኦምዱርማን እንዲሰፍሩ አዝዞ ነበርና፥ የማያርስ ብዙ ሕዝብ ባነሰው እህል ላይ ተጨመረ፤ በእህሉም እነርሱ ቅድሚያ ነበራቸው። የሱዳንን የማህዲ መንግሥት ታሪክ በ1958 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሆልት ይህን አስረድቷል። በወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ስለ ሆነው ረኃብም አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ፥ በአገሩ በጠቅላላው የነበረው እህል ያን ያህል እንዳልጐደለ፥ የጐደለው የተራበው ሰው የመግዣ አቅም እንደ ሆነ አሳየ።

ይህን ማወቅ «እግዚአብሔር ስለ ምን ፈቀደ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም፤ ሆኗል የሚል ሰው ከኢዮብ ወዳጆች የባሰ ይሳሳታል። ይሁን እንጂ «በማን እጅና በምን መንገድ መጣ?» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይህኛው መልስ አለው፤ መልሱም ሥራ ይወልዳል። ዋልተር ፕላውራይት የተባለው የእንስሳት ሐኪም በኬንያ በሙጉጋ ያዘጋጀው ክትባት ተስፋፍቶ፥ የክፉ ቀን በሽታ ከምድር ገጽ መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታወጀ። ሰው ከፈንጣጣ ቀጥሎ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ይኸው ነው።

የሰው ክፋት ክትባት ግን ገና አልተገኘም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም በሁለት የጦር ኃይሎች መካከል ውጊያ ሲጀመር፥ በዚያ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሱዳናውያን ጋር ተቀላቅለው በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። በ1977 ዓ.ም. ረኃብን ሸሽተው ኢትዮጵያውያን ወደ ሱዳን እንደ ተሻገሩ የሚያስታውስ ሰው፥ መንገደኛው አቅጣጫውን እንደ ለወጠ ያያል።

ከዚያ የመጣ ልጅ በክፍል ውስጥ ተነሥቶ «እኛ ምን አድርገን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ መምህሩ በመጀመሪያ ሊነግረው የሚገባው ምንም እንዳላደረገ ነው። በሃይማኖትና በግብረ ገብ ሰዓት የኢዮብን፥ እስላም ለሆነውም የአዩብን ታሪክ ማንበብ ይቻላል፤ ወዳጆቹ ዝም ያሉባቸው ሰባት ቀናትም እንዳይዘለሉ። በታሪክ ሰዓት ደግሞ ካርታ ሰቅሎ ከምጽዋ ወደ ደቡብ የሄደውን በሽታ፥ ከምዕራብ ወደ ኦምዱርማን የተነዳውን ሕዝብ በእርሳስ ማስመር ይገባል። ለሁለቱ ትምህርቶች የተለያየ ደብተር ይያዝ።