ስለ ፊት ብጉርና ስለ ወጣቶች ቆዳ አጠባበቅ



ልጅነቱን ጨርሶ ወደ ጕርምስና የሚሻገር ሰው ድምፁና ቁመቱ እንደሚለወጡ ሁሉ የፊቱም ቆዳ ይለወጣል። በዚህ ዕድሜ የሚወጣው ብጉር አብዛኛውን ወጣት የሚያገኝ ስለ ሆነ፥ የንጽሕና ማነስ ምልክት ተደርጎ ሊቈጠር አይገባውም። ስለዚህ ወላጆችም መምህራንም ብጉር የወጣበትን ልጅ ከመንቀፍ ይልቅ መምከር ይገባቸዋል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በቆዳችን ውስጥ ቅባት የሚያመነጩ ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ። በጕርምስና ጊዜ ሆርሞን ሲበዛ ዕጢዎቹ ቅባቱን ከመጠን በላይ ያመነጫሉ፤ ቅባቱም ከሞተ ቆዳ ጋር ተቀላቅሎ የጠጉሩን ቀዳዳ ይደፍናል፤ በተደፈነውም ስፍራ ባክቴሪያ ይራባል፤ ቆዳውም ይቀላል፥ ያብጣል፥ መግልም ይቋጥራል። ይህን በጥፍር የሚያፈርጥ ሰው ቁስሉን ወደ ውስጥ ስለሚያጠልቀው፥ በጊዜው ይጠፋ የነበረው ብጉር የማይለቅ ጠባሳ ሊተው ይችላል።

ጥንቃቄው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ፊትን በቀን 2 ጊዜ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና መታጠብ፥ ሳይፈትጉም በንጹሕ ፎጣ ማድረቅ ነው። አብዝቶ መፈተግ ቆዳውን ያስቈጣዋል እንጂ ብጉሩን አያጠፋውም። ለጠጉር የሚቀባው ቅቤም ወደ ግንባር እየወረደ ቀዳዳዎቹን እንዳይደፍን መጠንቀቅ ይገባል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚቀባው ክሬም ነው። ፊት ያጠራሉ ተብለው ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ክሎቤታሶልን ወይም ቤታሜታሶንን የመሰለ ስቴሮይድ አለባቸው። ስቴሮይድ ሐኪም ለሌላ የቆዳ ሕመም የሚያዘው መድኃኒት ነው፤ በብጉር ላይ ሲቀባ ግን መጀመሪያ መቅላቱን አብርዶ ያታልላል፤ ሲቈይ ቆዳውን ያሳሳል፥ ራሱም ብጉር ያወጣል፤ ሲተዉትም ፊቱ ከቀድሞው ብሶ ይቈጣል። ሜርኩሪ ያለበት ክሬም ደግሞ ኵላሊትን ይጎዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት እንዲህ ያለውን የቆዳ ማንጫ ቅባት የከለከለው የሜርኩሪን መርዝነት በመመልከት ነው።

ስለዚህ ብጉሩ የበዛበት ወይም ጠባሳ መተው የጀመረበት ወጣት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ በአዲስ አበባም አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣል። እንደ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ያለ የታወቀ መድኃኒት እንኳ ውጤቱ በደንብ የሚታየው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቈይቶ ስለ ሆነ፥ በሦስተኛው ቀን አልዳንሁም ብሎ መድኃኒቱን መጣል አይገባም።

ወጣቶች ሆይ፤ በብጉር አፍራችሁ ከትምህርታችሁ አትቅሩ፥ ከጓደኞቻችሁም አትሸሹ። ብጉር በጊዜው ያልፋል፤ በችኮላ የተቀባ ክሬም ያመጣው ጉዳት ግን ከብጉሩ ይልቅ ሊቈይ ይችላል።