ብዛትና ሜዳሊያ
(በማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ አሥራ ሦስት ደቂቃ ሰጥተውኛል። የአምስት ሺህ ሜትር ሰዓት ነው፤ ደወል ከተመታ የመጨረሻው ዙር መሆኑን እወቁልኝ።

ሕንድ ከ1.4 ቢሊዮን በላይ ሕዝብ አላት። እ.ኤ.አ. በ2024 ከፓሪስ ኦሎምፒክ ይዛ የተመለሰችው ስድስት ሜዳሊያ ነው፤ ወርቅ የለበትም። የሴቶችን መቶ ሜትር ያሸነፈችው ጁሊየን አልፍሬድ ግን የመጣችው ሕዝቧ ሁለት መቶ ሺህ ከማይሞላ ደሴት፣ ከሴንት ሉሺያ ነው። ባንግላዴሽማ ከ160 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዛ እስከ ፓሪስ ድረስ አንድም የኦሎምፒክ ሜዳሊያ አላገኘችም።

ለምን? አንዱ ምግባቸው ነው ይላል፣ ሌላው ተፈጥሯቸው ነው ይላል። "ክሪኬት ሁሉን በላው" የሚሉም አሉ፤ እሱ እንኳ ትንሽ እውነት አለው። ግን እስቲ ሃርያና የምትባለውን የሕንድ ክፍለ ግዛት እንያት። ከአገሪቱ ሕዝብ ከመቶ ሁለት እጅ ገደማ ብትሆን ነው። ጦር ወርዋሪው ኒራጅ ቾፕራ፣ ተኳሿ ማኑ ባከር፣ የነፃ ትግሉ አማን ሴህራዋት፣ ሦስቱም የፓሪስ ባለሜዳሊያዎች፣ የዚያች ምድር ልጆች ናቸው። እዚያ በየመንደሩ የትግል ማሠልጠኛ አለ፤ ለባለሜዳሊያ ደግሞ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ገንዘብም ሥራም ይሰጣል። ስለዚህ አባት ልጁን "ትግሉን ተውና ደብተርህን ያዝ" አይለውም፤ ትግሉም እንጀራ ነዋ!

እንግዲህ መቆጠር ያለበት ሕዝቡ ሳይሆን አሠልጣኝ ዓይን ውስጥ የገባው ልጅ ነው።

በሕንድ የምንስቅ ካለን ቆም እንበል። እኛም ከመቶ ሚሊዮን በላይ ነን። የኦሎምፒክ ሜዳሊያዎቻችን በሙሉ የሩጫ ናቸው፤ ከስምንት መቶ ሜትር እስከ ማራቶን። ደራርቱ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ የወጡት ከአንዲት በቆጂ ነው። ከፍታው ነው ይባላል። ከፍታማ ሌላውም ደጋ አለው! በቆጂ ግን የስፖርት መምህሩ ስንታየሁ እሸቱ ነበሩ፤ ደራርቱንና ቀነኒሳን በልጅነታቸው ያሠለጠኑ። ጣና ዳር፣ ሐዋሳ ዳር ሲዋኙ የሚያድጉትን ልጆች ሰዓት ይዞ ያያቸው ማን ነው?

ወደ ግቢያችን ልምጣ። ሜዳችን ቅዳሜ ጠዋት ባዶ ነው፤ የሰፈሩ ልጆች በአጥሩ ቀዳዳ ያዩታል። ማኅበራችን ዘንድሮ ለዋናው በር ማሳመሪያ ሊያዋጣ አስቧል። እውነቱን ልናገር? በሩ ይቆይ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳው ለልጆቹ ይከፈት። የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች ሩጫቸውን፣ ዝላያቸውን፣ ውርወራቸውን ለክተው ይመዝግቡ፤ እንደ ተግባር ትምህርት ይያዝላቸው። እኛ የእጅ ሰዓቱን፣ ሜትሩን፣ ሻይ በዳቦውን እንችላለን።

ዲናችን እዚሁ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። መልሳቸውን ከምሳ በፊት ብሰማ ደስ ይለኛል።