አባት ለልጁ የሚያወርሰው የማያልቅ ርስት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የሚከበረው በዓል ኢዮቤልዩ ይባላል። የስሙም ሥርዐት በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 25 ተጽፎ ይገኛል። ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ 49 ሲፈጸም፥ በ50ኛው ዓመት ቀንደ መለከት እንዲነፋ፥ ደኽይቶ መሬቱን የሸጠ ሰውም ወደ አባቱ ርስት እንዲመለስ ታዘዘ። ይህም የአንድ አባት ችግር የልጅ ልጁን ለዘለዓለም ባዶ እጁን እንዳያስቀረው ነው።

ነገር ግን በመለከት ድምፅ የማይመለስ ሌላ ርስት አለ፤ ይኸውም የሃይማኖት ርስት ነው። ስለዚህ በዚህ ቀን ክርስቲያን አባት ለልጁ ምን ያወርሳል ብሎ መጠየቅ ይገባል።

አባት ለልጁ ሲደክም ይኖራል፤ ቤት ይሠራለታል፥ ገንዘብ ያኖርለታል፥ ያስተምረዋል። ይህም መልካም ነው፤ ለቤተ ሰቡ የማያስብ ሰው በሐዋርያው ዘንድ የተነቀፈ ነውና። ይሁን እንጂ የአባታቸው ተዝካር ሳይወጣ፥ ወንድማማቾች በቤትና በድንበር ተካሰው በዳኛ ፊት ሲቆሙ ስንት ጊዜ ታይቷል! እነዚህ ልጆች የአባታቸውን ገንዘብ ወረሱ፤ አባታቸውን ግን አልወረሱም።

ካህኑ ዔሊ በእግዚአብሔር ቤት የሚያገለግል ሰው ነበረ። ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ ግን የመሥዋዕቱን ሥጋ ስቡ ሳይቃጠል በግድ ይወስዱ ነበር። ዔሊ አልገሠጻቸውም አይባልም፤ ገሥጿቸዋል። ነገር ግን ተግሣጹ በእርጅናው ጊዜ በአፍ ብቻ የተነገረ ነበረና ከክፋታቸው አልከለከላቸውም። ስለዚህም ልጆቹን ከእግዚአብሔር ይልቅ እንዳከበረ ተቈጥሮበት ተወቀሰ።

የሬካብ ልጅ ኢዮናዳብ ግን ከዚህ የተለየ ነው። እርሱ በንጉሥ ኢዩ ዘመን የኖረ ሰው ሲሆን፥ ልጆቹ የወይን ጠጅ እንዳይጠጡ፥ ቤት እንዳይሠሩ፥ ዘርም እንዳይዘሩ፥ በድንኳን እንዲኖሩ አዘዛቸው። ከ200 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፥ በንጉሥ ኢዮአቄም ዘመን፥ ነቢዩ ኤርምያስ የልጅ ልጆቹን ወደ ቤተ መቅደስ አግብቶ የወይን ጠጅ አቀረበላቸው፤ እነርሱም የአባታቸውን ትእዛዝ ጠቅሰው እንቢ አሉ። ኢዮናዳብ እርሻ አላወረሳቸውም፤ ያወረሳቸው ቃል ብቻ ነው። ቃሉ ይህን ያህል ዘመን የኖረው ስለ ምንድር ነው? ከኑሮ ጋር የተጋባ ስለ ሆነ ነው። ሕፃኑ ዓይኑን ሲገልጥ የሚያየው ድንኳኑን ነውና፥ አባቱ ሳይናገር ትእዛዙን ይማር ነበር።

እንግዲህ የልጅ ዓይን ከጆሮው እንደሚቀድም ማስተዋል ይገባል። ልጁን ወደ ቅዳሴ ልኮ እርሱ ተኝቶ የሚቀር አባት፥ መተኛትን እንጂ ቅዳሴን አላስተማረም። ስለ ጾም እየተናገረ ባልንጀራውን በሐሜት የሚበላ አባትም የተናገረውን በገዛ አፉ አፈረሰው። ነገር ግን በማለዳ ተነሥቶ ዳዊቱን የሚደግም፥ ማዕዱን ባርኮ ለድኻ የሚያካፍል፥ ሚስቱን ባስቀየመ ጊዜ በልጆቹ ፊት ይቅር በዪኝ የሚል አባት፥ ሳያውቀው የልጁን ውርስ ይጽፋል።

ለዚህም በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 15 የተነገረው የጠፋው ልጅ ምስክር ነው። ታናሹ ልጅ ከአባቱ ገንዘብ ድርሻውን ተቀብሎ ወደ ሩቅ አገር ሄደ፤ ገንዘቡንም በተነ። ራብ በጸናበት ጊዜ ግን አንድ ያልተበተነ ነገር በልቡ ተገኘ፤ ይኸውም የአባቱ ሞያተኞች እንጀራ ጠግበው መብላታቸው ነው። ስለዚህ ነገር አባቱ እንደ ሰበከው አልተጻፈም፤ ልጁ በቤቱ ሳለ ያየው ነገር ነው። አባትየው ለሠራተኞቹ ያደረገው ቸርነት ለልጁ የመመለሻ መንገድ ሆነው። ሰሙ የሞያተኞቹ እንጀራ ነው፤ ወርቁ ግን የአባት ምሕረት ነው።

ዛሬም ብዙ ልጆች ለእንጀራ ሲሉ ወደ ዐረብ አገርና ወደ አሜሪካ ይሄዳሉ። አባት ተከትሏቸው ሊሄድ አይችልም፤ በቤቱ ያዩት ነገር ግን ድንበር ሳይከለክለው አብሯቸው ይሄዳል። በዚያ በጨነቃቸው ቀን የሚያስታውሱት የአባታቸውን ጸሎት ነው ወይስ ቍጣውን?

ደግሞም ደክሞ ሳለ ልጁ የራቀበት አባት ተስፋ አይቍረጥ። የነቢዩ የሳሙኤል ልጆች እንኳ በአባታቸው መንገድ አልሄዱም፤ ልጅ የራሱ ፈቃድ አለውና። የጠፋው ልጅ አባት ግን ልጁ ገና ሩቅ ሳለ አየው። ሩቅ ሳለ ማየቱ ዓይኑን ከመንገዱ እንዳላነሣ ያስረዳል። በጸሎት መጠበቅም ለልጅ የሚቀመጥ ርስት ነው።

እንግዲህ አባቶች ሆይ፥ የኑዛዜውን ቀን ሳትጠብቁ ይህን ርስት ዛሬ ማታ በማዕዳችሁ ዙሪያ አካፍሉ። ሌላው ርስት ሲካፈል ያንሳል፤ ይህ ግን ሲካፈል ይበዛል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።