መሰላሉ የት ይደር?
(በሰፈራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ክረምት ሳይገባ የቆርቆሮውን ምስማር ማጥበቅና አሸንዳውን መጥረግ የቢቸናም የሞጣም ሰው የየዓመቱ ሥራ ነው። ችግራችን መሰላሉ የት ይደር የሚለው ነው። 4 ሜትር የባሕር ዛፍ መሰላል ጠባብ ቤት አይገባም። ደጅ ካደረ ዝናብ ያበሰብሰዋል፤ ሌባም በገዛ መሰላላችን ይወጣብናል። መሰላል የለንም ብለን ጠረጴዛ ላይ ወንበር ደርበን ስንወጣ ደግሞ ወድቀን እንሰበራለን።

ስለዚህ ስንገዛ የሚታጠፈውን እንምረጥ። 4 ሜትሩ ለሁለት ሲታጠፍ 2 ሜትር፣ ለአራት ሲታጠፍ 1 ሜትር ያህል ስለሚሆን በር ኋላ ይቆማል። ገበያ ከመውጣታችን በፊት ማስቀመጫውን በገመድ እንለካ። እዚያው ሱቁ ዘርግተን ማጠፊያው አጥብቆ መቆለፉን፣ እግሩ ጎማ መልበሱን፣ ስንት ኪሎ እንደሚሸከም እንይ። ጣራ ለመውጣት ከጠርዙ በላይ 1 ሜትር ያህል መትረፍ አለበት። አሉሚኒየም ቀላል ነው፤ ነገር ግን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና የመብራት ሽቦ አጠገብ ከቶ አናቁመው።

4 ሜትር ከፍታ ላይ ሲደገፍ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ፤ አንድ ሰውም ከሥር ይያዝ።

ለብቻችን መግዛት ካልቻልን ሦስት አራት ቤት ሆነን እናዋጣ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ሐምሌን በግንቦት እናስብ።