የፊልም ጀግና በመዝናኛ ሥፍራ፤ ባለቤት ወይስ እንግዳ?





ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ላይ ላዩን ሲያዩት የጨዋታ ነገር ይመስላል። ይኸውም በታላላቅ የመዝናኛ ሥፍራዎች የሚሠሩት ትርኢቶች በታወቁ የፊልም ገጸ ባሕርያት ላይ ሊመሠረቱ ይገባልን? የሚል ነው። ሕዝብ የሚሰበሰብበትን ሥፍራ ለሚነድፍና ለሚያንጽ ባለሙያ ግን ጥያቄው ቀላል አይደለም። የፊልም ዝና ይመጣል፤ ይሄዳል። በግንብ፣ በብረትና በውሃ ቦይ የተሠራ ትርኢት ግን ሠላሳና አርባ ዓመት ይቆማል። ታዲያ አላፊውን በነዋሪው ላይ ስንተክል ምን እናተርፋለን? ምንስ እናጣለን? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ላሳስብ።

ለፊልሙ ወገን የሚሟገቱት ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ቸል የሚባል አይደለም። አንድ ትርኢት የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ጎብኚው ገጸ ባሕርዩን አስቀድሞ ካወቀው ማን እንደ ሆነ ለማስረዳት ጊዜ አይባክንም። ገንዘቡን የሚያፈሰውም ሰው ሕዝብ በወደደው ነገር ላይ ማፍሰሱ አያስወቅሰውም። ደግሞም ልማዱ አዲስ አይደለም። ዋልት ዲስኒ በካሊፎርኒያ ዲስኒላንድን ሐምሌ 17 ቀን 1955 ሲከፍት፣ በ1937 ከወጣው የስኖው ዋይት ፊልምና በ1953 ከወጣው የፒተር ፓን ፊልም የተቀዱ ትርኢቶች በዚያው በመጀመሪያው ቀን ነበሩ።

ነገር ግን እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ነዳፊዎች ያደረጉትን ልብ እንበል። በስኖው ዋይት ትርኢት ውስጥ ስኖው ዋይት፣ በፒተር ፓንም ትርኢት ውስጥ ፒተር ፓን አይታዩም ነበር። በሠረገላው የተቀመጠው ጎብኚ ራሱ በጀግናው ቦታ ሆኖ ጠንቋይቱን እንዲፈራ፣ በከተማው ላይ እንዲበርር ታስቦ ነበር። ብዙዎች ግን ይህ አልገባቸውም፤ «ጀግናዋ ወዴት አለች?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። በመጨረሻም በ1983 ትርኢቶቹ ሲታደሱ የጀግኖቹ ምስሎች ገቡ። በበኩሌ የክርክሩ ሥር ያለው በዚህ ይመስለኛል። ጎብኚው የመጣው ሊኖር ነው ወይስ ያየውን ደግሞ ሊያይ?

ወደ ሁለተኛው ምሳሌ ልለፍ። በዚያው በዲስኒላንድ በ1967 የተከፈተው «የካሪቢያን የባሕር ወንበዴዎች» የተባለው የጀልባ ትርኢት ከማንም ፊልም አልተቀዳም። ነዳፊዎቹ ጨለማውን፣ የውሃውን ሽታ፣ የሚቃጠለውን ከተማ ከራሳቸው ፈጠሩ። ከሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2003፣ በዚሁ ስም ታላቅ ፊልም ወጣ። እዚህ ላይ ትርኢቱ ፊልሙን ወለደ እንጂ ፊልሙ ትርኢቱን አልወለደም። በ2006 የፊልሙ ጀግና ካፒቴን ጃክ ስፓሮ በአሮጌው ትርኢት ውስጥ ገባ። ሆኖም ቤቱ አስቀድሞ ቆሞ ስለ ነበር፣ የገባው እንደ እንግዳ ነው። ነገ ቢወጣም ቤቱ አይፈርስም።

ሦስተኛው ምሳሌ ከዚህ የተለየ ነው። በፍሎሪዳ በሚገኘው በኤፕኮት የልዩ ልዩ አገሮች አደባባዮች በአንድ ሐይቅ ዙሪያ ተሠርተዋል። በኖርዌይ አደባባይ በ1988 የተከፈተው የጀልባ ትርኢት ቫይኪንጎችን፣ በተረት የሚነገርላቸውን ትሮሎች፣ በሰሜን ባሕር ላይ የቆመውንም የነዳጅ ማውጫ ያሳይ ነበር። በ2013 «ፍሮዝን» የተባለው ፊልም እጅግ ዝነኛ ሆነ፤ በ2014 ትርኢቱ ተዘጋ፤ በ2016 በዚያው ቦይ፣ በዚያው ጀልባ፣ አሬንዴል የምትባል በምድር ላይ የሌለች መንግሥት ታየችበት። ሰልፉ ረዘመ፤ ሕፃናትም ተደሰቱ፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በአገር ስም በተሰየመ ሥፍራ እውነተኛው አገር ለልብ ወለዱ ቦታውን ለቀቀ። በዚህ ጊዜ እንግዳው ባለቤቱን አስወጣ ማለት ነው።

የገጸ ባሕርይ ዝና ከነዕዳው እንደሚመጣም መዘንጋት የለብንም። በ1989 በዲስኒላንድ፣ በ1992 በፍሎሪዳ የተከፈተው «ስፕላሽ ማውንቴን» ገጸ ባሕርያቱን የወሰደው በ1946 ከወጣው «ሶንግ ኦቭ ዘ ሳውዝ» ከተባለው ፊልም ነበር። ብልጣ ብልጡ ጥንቸል በባርነት ቀንበር ሥር የነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን ሲተርኩት የኖሩት ተረት ነው። ፊልሙ ግን በእርሻው ላይ የነበረውን የጥቁሮች ኑሮ አስውቦ በማሳየቱ ብርቱ ነቀፋ ደረሰበት። ከጎብኚዎቹ ብዙዎቹ ፊልሙን ከቶ ሳያዩት ቁልቁል መወርወሩን ወደውት ነበር። ሆኖም ነቀፋው ትርኢቱን ተከትሎት መጣ፤ በአሜሪካ የነበሩት ሁለቱም በ2023 ተዘግተው፣ በ2024 በጥቁር አሜሪካዊቷ ልዕልት በቲያና ታሪክ ተተኩ። ቲያናም ብትሆን በ2009 ከወጣ ፊልም የመጣች ናት። ኮረብታውና ፏፏቴው ግን እንደ ነበሩ አሉ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። ይሁን እንጂ የታወቀ ገጸ ባሕርይ ሁሉ ይወገዝ ማለቴ አይደለም። በኔዘርላንድ የሚገኘው ኤፍቴሊንግ በ1952 ሠዓሊው አንቶን ፒክ በነደፈው የተረት ደን ሲከፈት፣ በውስጡ የነበሩት ገጸ ባሕርያት ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው ነበሩ። ነገር ግን አያት ለልጅ ልጇ የምትነግረው ተረት እንደ ፊልም በአንድ ወቅት ገበያ አይወሰንም። ጎብኚው በዛፎቹ መካከል በእግሩ እየሄደ ተረቱን ራሱ ያገኘዋል። ደኑም እስከ ዛሬ ይጎበኛል።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። የፊልም ገጸ ባሕርይ ይግባ፤ ነገር ግን ነዳፊው አስቀድሞ ስሙንና መልኩን ከንድፉ ላይ ፍቆ ይመልከት። የሚቀረው ጨለማና ብርሃን፣ ውሃና ድምፅ፣ ፊልሙን ያላየውን ሰው የሚያስደንቅ ከሆነ ሥራው ቆሟል ማለት ነው፤ ዝነኛውም በክብር ይጋበዝ። የሚቀር ነገር ከሌለ ግን የሠራነው ሥፍራ አይደለም፤ ውድ የሆነ ማስታወቂያ ነው። ሥፍራው አስቀድሞ ለአገር ወይም ለሕዝብ ታሪክ የተሰጠ እንደ ሆነም፣ የሰልፉ ርዝመት ብቻውን ያን አደራ ለማፍረስ በቂ ምክንያት አይሆንም።