ሁሉም የወደደውን ፊልም እኛ ለምን አልወደድነውም?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በትምህርት ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)

 

የቁጠባውንና የብድሩን ሪፖርት ሰምታችኋል። እኛ ደግሞ ስለ አንድ ፊልም እንናገራለን። ፊልሙ «ድፍረት» ይባላል። በትምህርት ፕሮግራማችን ላይ ከቡድን ተወካዮች ጋር አብረን አይተነዋል። እንድናየው የመከሩን ወዳጆቻችን በቅን ልብ «ስለ እናንተ የተሠራ ነው፤ ትወዱታላችሁ» ብለውን ነበር። አይተን ስንጨርስ ግን አብዛኞቻችን አልወደድነውም። ይህን ስንነግራቸው ደነገጡ፤ ቅርም ተሰኙ። ስለዚህ ምክንያታችንን በጉባኤ ፊት ማስረዳት ተገቢ መስሎናል።

በፊልም ጥላቻ አንታማም። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ በአማርኛ የሚያቀርባቸውን የቱርክ ድራማዎች ያልተከታተለ ቤት ከመካከላችን ጥቂት ነው። በአንዳንድ ቡድኖች የስብሰባ ሰዓት በምን ምክንያት እንደተቀየረ እናንተም ታውቃላችሁ።

«ድፍረት»ን ላላያችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ ተጠለፈች፤ ተደፈረችም። ለማምለጥ ስትታገል ጠላፊዋን በጠመንጃ ገደለችውና በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ቆመላት። ፍርድ ቤቱም ያደረገችው ራሷን ለመከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው፤ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ይህን ታሪክ መነሻ አድርጎ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በአማርኛ ፊልም ሠራ። የአሜሪካዋ ተዋናይት አንጀሊና ጆሊም በሥራ አስፈጻሚ ፕሮዲዩሰርነት ስሟን ሰጠችው። በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካ በሰንዳንስ፣ ቀጥሎም በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ተመልካች በድምፁ የሚመርጠውን ሽልማት አገኘ። የሸለመው በአዳራሹ የተቀመጠው ሕዝብ ስለሆነ ፊልሙ በእርግጥ ተወዷል ማለት ነው።

የሚመሰገነውን እናመሰግናለን። ተዋናዮቹ ሥራቸውን ያውቃሉ። ጠለፋ «ባህል ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር እንዳልሆነ ፊልሙ ለብዙ ሰው አሳይቷል። ከመካከላችን ስለ ሕጉ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቁት ከፊልሙ በኋላ ነው። ለእነሱ የመለስነውን እዚህም እንድገመው። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ሴት ካገባ ከክስ የሚያመልጥበት በር ነበረው። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘግቷል። በአንቀጽ 587 መሠረት ለማግባት ብሎ ሴት የጠለፈ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ኋላ ጋብቻ መፈጸሙም አያድነውም። ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩ።

ታዲያ ያልወደድነው ምኑን ነው?

አንደኛ፣ ልጅቷ ያለችበት አገር ጠፍቶብናል። ከአዳማ ተነሥቶ በዴራና በኢተያ አድርጎ አሰላ የሚደርሰውን መንገድ እናውቀዋለን፤ ብዙዎቻችን የመጣነው በዚያ ነው። አርሲ ውስጥ ሽማግሌ የሚቀመጠው፣ እናት የምታለቅሰውና የምትመርቀው በኦሮምኛ ነው። በፊልሙ ሁሉም በአማርኛ ይናገራል። አማርኛ መሆኑን አንነቅፍም፤ እኛም አሁን የምንነጋገረው በእሱ ነው። ነገር ግን ቋንቋው ሲቀየር ሌላም ነገር አብሮ ቀርቷል። የአርሲ ሴት ስትዳር ሲንቄ የምትባል ቀጭን በትር ትቀበላለች። ሴት ስትበደል ሴቶች ሥራቸውን ጥለው፣ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በዳዩ ይቅርታ ጠይቆ ካሳ ሳይክስም አይመለሱም። ሲንቄ ጠለፋን አላስቀረም፤ ይህን የሚነግሩን ሲንቄ የያዙ እናቶቻችን ራሳቸው ናቸው። ቢሆንም በፊልሙ የሚዳኙትም የሚከራከሩትም የመንደር ወንዶች ናቸው፤ የሚያድነው ከአዲስ አበባ ይመጣል። የመንደር ሴት በደል ሲደርስ ከማልቀስ ሌላ ሥራ እንደሌላት የሚያሳይ ፊልም ለእንደኛ ዓይነት ማኅበር ጎደሎ ነው።

ሁለተኛ፣ ፊልሙ ነጻ መውጣቷን አሳይቶ ይሰናበታል። ተመልካች የሚያጨበጭበው እዚያ ላይ ነው። የእውነተኛዋ ልጅ መከራ ግን እዚያ አላበቃም፤ ወደ ተወለደችበት ቀዬ ተመልሳ እንደ ሰው መኖር አልቻለችም። በየሳምንቱ ክብ ሠርተን የምንቀመጠው ከጭብጨባው በኋላ ስላለው ኑሮ ነው። ቤት ኪራይ ማን ይከፍላል? ልጅ ማን ይይዛል? ዘመድ በሩን ሲዘጋ የት ይታደራል? አንዲት አባላችን በውይይቱ ላይ «ፊልሙ ሲያልቅ ሰው ነገሩም ያለቀ ይመስለዋል» ስትል ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሦስተኛውና ዋናው የባለታሪኳ ጉዳይ ነው። ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. ፊልሙ በአዲስ አበባ ሊመረቅ ሕዝብ በተሰበሰበበት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። አቤቱታዋ ያለ ፈቃዴ ታሪኬ ተወሰደ የሚል ነበር። በኋላ እገዳው ተነሥቶ ፊልሙ ታይቷል። በማን በኩል ሕግ እንደነበረ ለመፍረድ አልተሰበሰብንም። እኛን የነካን አንድ ነገር ነው፦ ስለ አንዲት ሴት ድፍረት የተሠራ ፊልም ከአገር አገር ሲጨበጨብለት እሷ ራሷ «እኔስ?» ብላ ፍርድ ቤት መሄድ አስፈልጓታል። ድፍረት በአማርኛ ጀግንነት ነው፤ መደፈርም የሚወጣው ከዚያው ቃል ነው። ሴት ያለ ፈቃዷ የሚወሰድባት አካሏ ብቻ እንዳይመስለን። አበው ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ። ስሟ በየጋዜጣው ወጥቷል፤ ፈቃዷን ስላልጠየቅን ግን እኛ ዛሬ አልጠራነውም።

ፊልሙን የወደዱ አባሎቻችን መልሰው ሞግተውናል። «ያ ፊልም ባይሠራ በርሊን ያለ ሰው የእኛን ጉዳት ከየት ይሰማ ነበር? አንዲት ሴት ብትከፋ ሺህ ሴት ትጠቀማለች» አሉ። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። እኛ ግን እንዲህ መለስን፦ አንዷ ከሺዎቹ መካከል ናት። እሷን ዘለን የምናድናቸው ሺዎች ነገ ተራቸው ሲደርስ እንደ እሷ ይዘለላሉ።

ወደ ራሳችን ቤት እንምጣ። ማኅበራችን ለደጋፊዎች ሪፖርት ሲጽፍ «የአንዲት አባል የለውጥ ታሪክ ከነፎቶዋ ይላክልን» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ጥያቄው ተንኮል የለበትም፤ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ገንዘቡ ምን እንደሠራ ማየት ይፈልጋል። ነገር ግን አስቡት። ከሚደበድባት ባል ሸሽታ አዳማ የገባች፣ በአንድ መናኸሪያ አጠገብ እንጀራ የምትሸጥ አባል አለችን እንበል። ፎቶዋና የምትሸጥበት ቦታ ለውጭ አገር ሰው ተብሎ ይወጣል፤ በቴሌግራም በሁለተኛው ቀን የሸሸችው ሰው እጅ ይገባል። አዳማ ሰፊ ትመስላለች እንጂ ገበያዋ አንድ ነው። መቂና ባቱማ ጭራሽ ሁሉም ይተዋወቃል።

ሌላም አለ። አንዲት አባል ብድር ጠይቃ በምትጠብቅበት ሳምንት «ታሪክሽን ትነግሪናለሽ?» ብንላት ምን ትመልሳለች? አፏ እሺ ይላል። ሰው ፈቀደ የሚባለው እምቢ ማለት ሲችል ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው ለጉባኤው አራት ነጥቦች አቅርቧል። አንድ፣ ማንኛዋም አባል ታሪኳ ከመጻፉ በፊት በምትሰማው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ የት እንደሚሄድና ማን እንደሚያየው ይነገራት። ሁለት፣ የተጻፈው ከመውጣቱ በፊት ይነበብላት፤ ይቅር ያለችው ይቅር፤ ስሟ፣ ፊቷና የሥራ ቦታዋ እንዲወጣ ካልፈለገች አይውጣ። ሦስት፣ ታሪኳን የሚጠይቃት ሰው ብድሯን የሚወስነው ሰው አይሁን፤ እምቢ በማለቷም ከቁጠባና ከብድር መብቷ ምንም አይጉደልባት። አራት፣ ዛሬ ፈቅዳ ነገ ሐሳቧን ብትለውጥ ከዚያ ወዲህ አንጠቀምበት።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል አለን። ከእንግዲህ የምንልክላችሁ ሪፖርት ፎቶው ሊያንስ፣ እንባውም ሊደርቅ ይችላል። በምትኩ ስንት ቡድን በሰዓቱ እንደሚሰበሰብ፣ ስንት ብር ተቆጥቦ ስንት ብድር እንደተመለሰ፣ ያልተመለሰውም ለምን እንዳልተመለሰ ታገኙበታላችሁ። ከዚያ በላይ ማወቅ ስትፈልጉ ኑና አብራችሁን ተቀመጡ። ማውራት የፈለገች ራሷ ታወራችኋለች፤ ቡና እናፈላለን።

ፊልሙን የመከራችሁን ወዳጆቻችን፣ ስላልወደድነው አትቀየሙን። ባታሳዩን ኖሮ ይህን ውይይት አናደርገውም ነበር። ሌላ ፊልም ስታገኙም አምጡልን፤ አይተን የመሰለንን እንነግራችኋለን።

አሁን አራቱ ነጥቦች ለድምፅ ይቅረቡ። የምትቃወሙ እኅቶች በቅድሚያ ተናገሩ፤ ጊዜ አለን።