ለልጅ የሚሆነውን ፊልም ማን ይምረጥ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ልናነሣው ያሰብነው ጉዳይ በየቤታችን የሚያጋጥመን ነው፤ ይኸውም ለአዋቂዎች ተብለው የተሠሩትን የልዕለ ኃያላን ጀግኖች ፊልሞች ልጆች ይዩአቸው ወይስ አይዩአቸው የሚለው ጥያቄ ነው።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው ከመጀመሪያው እንነሣ። ሱፐርማን የተባለው ጀግና በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ1938 በሥዕል መጽሔት ሲወጣ፥ የመጽሔቱ ዋጋ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ብቻ ስለ ነበረ ልጆች በኪስ ገንዘባቸው ይገዙት ነበር። ከዚያ ወዲህ ጭምብል ያጠለቀ ወይም ካባ የደረበ ጀግና ሁሉ የልጆች ወዳጅ ሆኖ ተቆጠረ። ስለዚህ አንድ ወላጅ ቀይ ልብስ የለበሰውን የዴድፑልን ሥዕል አይቶ የልጅ ጨዋታ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን በ2016 የወጣው የዴድፑል ፊልም ደም የሚፈስበት፥ ስድብ የበዛበትና ዕርቃነ ሥጋ የሚታይበት ነው። በ2017 የወጣው ሎገን የተባለው ፊልምም ብርቱ ግድያ አለበት። የጀግኖቹ ስም ከልጆች መጽሔት የመጣ ቢሆንም፥ የፊልሞቹ ነገር ግን የአዋቂ ነው።

በአሜሪካ ከ1968 ጀምሮ ፊልሞች በዕድሜ እየተለዩ ምልክት ይደረግባቸዋል። ሁለቱ ፊልሞች የተሰጣቸው «አር» የሚባለው ምልክት ነው። ትርጉሙም ዕድሜው ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አዋቂ አሳዳጊ አይገባም ማለት ነው። በብሪታንያ ደግሞ ሁለቱም ፊልሞች «15» የሚል ምልክት አላቸው፤ በዚያ አገር 15 ዓመት ያልሞላው ልጅ አባቱ እጁን ይዞ ቢወስደውም ሲኒማ ቤት አይገባም። እንግዲህ የ12 ዓመት ልጅ ሎገንን ለማየት ቢፈልግ፥ በኒው ዮርክ ከአባቱ ጋር ሊገባ ሲችል በለንደን ከደጅ ይመለሳል ማለት ነው። ፊልሙ አንድ ነው፤ ልጁም ያው ልጅ ነው። ከዚህ የምንረዳው ምልክቱ በፊልሙ ውስጥ ያለውን ሊነግረን ቢችልም፥ የእያንዳንዱን ልጅ ጠባይ ሊያውቅ እንደማይችል ነው። ልጁን የሚያውቀው ወላጁ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ፊልም ፊልም ነው፤ ልጁን ምን ያደርገዋል?» ይላሉ። አልበርት ባንዱራ የተባሉት የሥነ ልቦና ሊቅ በ1961 ባወጡት ጥናት፥ ከ3 እስከ 6 ዓመት ካሉት 72 ሕፃናት መካከል አዋቂ ሰው የላስቲክ አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩት ሕፃናት ድብደባውን እየቀዱ ሲያደርጉት ታይተዋል። በ1963ም ድብደባውን በፊልም ያዩት ሕፃናት እንዲሁ እንዳደረጉ አሳይተዋል። አሻንጉሊት መምታትና ሰው መምታት አንድ አይደሉም በማለት የሚከራከሩ ሊቃውንት አሉ፤ ክርክራቸውም ተገቢ ነው። ቢሆንም ትንሽ ልጅ ያየውን እንደሚቀዳ ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች ያሉን ሁላችን እናውቃለን።

በሌላ በኩል ሁሉን ነገር መከልከልም መፍትሔ አይመስለንም። ለልጆች ተፈቅደው በሚታዩት ብዙ ፊልሞች ከተማ ሲፈርስ ደም አይታይም፤ ለሞተውም የሚያለቅስ የለም። በሎገን ውስጥ ግን የገደለ ሰው የገደለውን በልቡ ተሸክሞ እንደሚኖር ይታያል። ስለዚህ ነፍስ ያወቀ ወጣት ከአባቱ ወይም ከእናቱ ጋር ተቀምጦ ቢያየውና ቢነጋገሩበት ትምህርት ሊያገኝ ይችላል። የ8 ዓመት ሕፃን ግን ከዚያ ሁሉ የሚያስታውሰው ጥፍሩንና ደሙን ብቻ ይሆናል ብለን እንሰጋለን።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። በቤታችን ትኬት የሚቈርጥና ዕድሜ የሚጠይቅ በር ጠባቂ የለም፤ ፊልሙ በስልክ ይመጣል። ከዚህም በላይ ብዙ ወላጆቻችን የፊልሙን እንግሊዝኛ አይሰሙም። አባት በአጠገብ ተቀምጦ ሳለ ስድቡ በጆሮው ያልፋል፤ በትምህርት ቤት ቋንቋውን የተማረው ልጅ ግን ይሰማዋል፥ ያጠናዋልም። ወላጅ ሲጠይቅም «የልጆች ነው፥ ምንም የለበትም» ብሎ የሚመልሰው ብዙ ጊዜ ታላቅ ልጅ ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ እዚህ ላይ ነው የእኛ ኃላፊነት የሚመጣው። ወላጆቻችን ከጉሮሯቸው ቀንሰው ያስተማሩን፥ ቋንቋ ማወቃችንን እነሱን ለማታለል እንድናውለው አይደለም። እውነቱን ካልነገርናቸው የመፍቀድና የመከልከል ሥልጣናቸውን ሳያውቁት ወሰድንባቸው ማለት ነው። በፊልሙ ውስጥ ያለውን፥ መልካሙንም ክፉውንም፥ ሳንጨምርና ሳንቀንስ እንንገራቸው፤ ከዚያ በኋላ ውሳኔው የእነሱ ይሁን።

ወላጆቻችን ሆይ፤ እናንተንም በትሕትና የምንለምናችሁ አለ። ስትከለክሉ ምክንያቱን ንገሩን፤ ምክንያቱን ያላወቀ ልጅ ከጎረቤት ስልክ ያየዋልና። ስትፈቅዱም ከልጃችሁ ጋር ተቀመጡ፤ በፊልሙ መጨረሻም ምን እንደ ተሰማው ጠይቁት። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህም ይሠራል።

እኛ በዚህ ዓመት 18 ዓመት ስለ ሞላን ማንኛውንም ፊልም ለማየት የሚከለክለን ምልክት የለም። ነገር ግን ወደ ቤት ስንገባ አጠገባችን የሚቀመጡ ታናናሾች አሉን፤ ስልኩም ያለው በእኛ እጅ ነው።